ወንበር ሳይኖረኝ ማን ይሰማኛል?

ቀጭን ክር (ኮምቦልቻ)
እሑድ ማታ

ሰላም ናችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ሆዴ ስለሞላ ልጻፍ።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እኛ ኪውሲ ነው የምንለው። አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። በዚህ መሃል አራት ሱፐርቫይዘር ተቀያይሮብናል። አንዱ ይመጣል፣ የልጆቹን ስም ሳያውቅ ይሄዳል። እኔ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ አለሁ፤ መቀሴንና ቀይ ስቲከሬን ይዤ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ ጠዋት ሥራው ልቅም ያለ ነው። ከምሳ በኋላ፣ በተለይ ከ9 ሰዓት ወዲህ፣ የጎን ስፌቱ ይዘላል፣ ክር ይበጠሳል፣ ሪወርክ (ተመልሶ የሚሠራው) ይቆለላል። በየቀኑ ነው። ምክንያቱን ደግሞ አውቀዋለሁ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ይደክማቸዋል፤ ታርጌት እንዳያመልጣቸው ይጣደፋሉ። ይህንን ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ሱፐርቫይዘሩ "አንቺ ስቲከርሽን ለጥፊ፤ ፕሮዳክሽኑን ለኔ ተዪው" አለኝ። ሰው ሳቀ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ወንድ ባልደረባዬ ያንኑ ነገር አነሳው። "ጥሩ ነጥብ ነው፣ ይያዝ" ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። በእሱ ስም!

ሹመት አልፈልግም አልልም፤ ማን ይጠላል? ግን ክፍት ቦታ ወጥቶ፣ ተወዳድሬ እስካልፍ ድረስ አፌን ዘግቼ ልቀመጥ? ያለ ወንበር ቃላችሁ የሚሰማ አላችሁ? እንዴት አደረጋችሁት? እስኪ ምከሩኝ።

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)
እሑድ ማታ

አብሽሪ እህቴ። ጢም አብቅዪና ያንኑ ድገሚው። ወዲያው ይያዛል።

ደመወዝ ይቅደም (ኮምቦልቻ)
እሑድ ማታ

እኔ አላባብልሽም። ሱፐርቫይዘሩ የሚከፈለው ለማሰብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ለመለጠፍ። የእሱን ሐሳብ አንቺ ካሰብሽለት ደመወዙ የእሱ፣ ድካሙ ያንቺ ነው። በዚያ ላይ ጊዜውን እይው። በ2014 ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ከወጣን ወዲህ ኦርደሩ ምን ያህል እንደሳሳ እዚህ ከተማ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሲቀነስ መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው አፍ ያለው ነው። አምስት ዓመት የቆየሽው ዝም ብለሽ ሊሆን ይችላል። አስቢበት።

ጡረተኛ መምህር (ሐይቅ)
ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ነው የወጣሁት። ስንት ርዕሰ መምህር እንዳለፈብኝ ቆጥሬም አላውቅ። አንደኛው ትምህርት ቤት ላይ ግን ቤቱን የያዘችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ነበረች። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት፤ ርዕሰ መምህሩም ሳይቀር።

ምን ታደርግ መሰለሽ። የደረጃ እድገት ፋይል ወደ ወረዳ ሊሄድ ሲል አስቀድማ ታገላብጠዋለች። አንድ ወረቀት ከጎደለ መምህሩን በረንዳ ላይ ጠብቃ፣ ቀስ ብላ "የአምናው የሥራ አፈጻጸም አልገባልዎትም፤ እስከ ሐሙስ ያምጡልኝ" ትለዋለች። ሰው ፊት ብላው አታውቅም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ በእሷ ምክንያት ነው እድገቴ ያላለፈኝ። እንግዲህ ይህቺ ሴት "ይኼ ነገር በዚህ ወር አይሆንም" ካለች፣ ርዕሰ መምህሩ ወሩን ያሸጋግረዋል። ማን ይከራከራታል? ሁሉም ሰው አንድ የሆነ ቀን አድናዋለች።

ስብሰባ ላይ ድምጿን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ" ስትል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አንቺ የተናገርሽው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። አንቺ "ሥራው ከሰዓት ይበላሻል" አልሽ። እሱ የሰማው ግን "አንተ ከሰዓት ላይንህን መያዝ አትችልም" የሚል ነው። ክስ መስሎታል። የተከሰሰ ሰው ደግሞ መልስ ይፈልጋል እንጂ ምክር አይፈልግም። ይኸው ስቲከርሽን ለጥፊ አለሽ።

የሌሊት ተረኛ (ደሴ)
ሰኞ ከሰዓት

መምህር፣ እትዬን ወደድኳቸው። እኛም ዋርድ ውስጥ እንደእሳቸው ያለ አንድ ሰው በሰጠን።

እኔ ነርስ ነኝ። ሌሊት ሌሊት መድኃኒት እያለቀ እንቸገር ነበር። ጠዋት ሞርኒንግ (የጠዋቱ ስብሰባ) ላይ እነሳና አለቅሳለሁ። ሐኪሞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ፋርማሲዎቹ "ጥያቄው በወቅቱ አልደረሰንም" ይላሉ፤ አለቀ። ይህ ስንት ወር ሄደ።

አንድ ቀን ተረኛ ሳልሆን ፋርማሲ ሄጄ እስቶር ከሚሠራው ልጅ ጋር ሻይ ጠጣን። ለካ የኛ ዋርድ መጠየቂያ የሚደርሰው እሱ መዝጊያ ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ክፋት የለውም። መጠየቂያውን ከ11 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት እንድናመጣው ተስማማን። ከዚያ ለዋርድ ኃላፊዋ ብቻዋን ነገርኳት። ከዚያ አንዱን ሐኪም። ሞርኒንግ ላይ ሲነሳ ሦስት ሰው ያውቀው ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ሞርኒንግ ላይ አዲስ ነገር ይዤ አልገባም። ያለቀ ነገር ነው ይዤ የምገባው።

ሐሳብሽን ስለወሰደብሽ ልጅ ደግሞ፦ እኛ ሴቶቹ ተነጋግረን አንድ ነገር ለመድን። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ቀጥላ "እሷ ያለችው ላይ ልጨምር" ትላለች፤ ስሟን ጠርታ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይወድ በግዱ ስሙን ይጽፋል። አንድ ሁነኛ ጓደኛ ይበቃሻል። ላይንሽ ላይ የለችሽም?

ሰኔ 30 (ወልድያ)
ሰኞ ማታ

እኔ ደግሞ ያበላሸሁትን ልንገርሽ፤ ከኔ ተማሪ።

ፋይናንስ ነኝ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ስቀጠር ኤክሴል እንደኔ የሚያውቅ በቢሮው አልነበረም። ይህንን እኔም አውቀው ነበር፤ በሽታው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከዞን ድጋፍና ክትትል መጡ። ኃላፊያችን የወጪውን ሪፖርት ሲያቀርብ እኔ እጄን አወጣሁና "ከባንኩ ጋር አይታረቅም" አልኩ። ላፕቶፔን አዙሬ አሳየሁ። እውነት ነበር፤ አይታረቅም ነበር። እንግዶቹ አደነቁኝ። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የሚጠራኝ አጣሁ። ሥልጠና ሲመጣ ሌላ ይላካል። ፋይል እኔ ጋ አይደርስም። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን በአለቆቹ ፊት አዋርጄዋለሁ። ያን ልዩነት ከሁለት ቀን በፊት ቢሮው ገብቼ ባሳየው ኖሮ ራሱ አስተካክሎት፣ ምናልባትም አመስግኖኝ ነበር።

የዳንኩት በሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቢሮው እንዴት እንደሚሆን የሠራበት ያውቀዋል። ገንዘብ ያዧ ሌሊቱን ሙሉ ደረሰኝ ስትደምር አየኋትና ቁጭ ብዬ ቀመሩን አስተማርኳት። አልሠራሁላትም፤ አስተማርኳት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከሠራሽላት ያንቺ ጥገኛ ናት። ካስተማርሻት ግን ስምሽን ይዛ ትዞራለች። በዓመቱ ግዥው፣ ንብረቱ፣ ሌላው ጽሕፈት ቤትም "ያ ልጅ" እያለ ይመጣ ጀመር። ዛሬም መደቤ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ግን ኃላፊዎች ከመፈረማቸው በፊት ደውለው "ይኼ ያልፋል?" ይሉኛል።

ደመወዝ ይቅደም (ኮምቦልቻ)
ሰኞ ማታ

ሰኔ 30፣ ለዚያ ሌሊት ስንት ተከፈለህ?

ቀጭን ክር፣ አንቺንም ልምከርሽ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቆይተሽ ምንም እንዳትሠሪ። የሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቀን ትርፍ ሰዓትን በመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው ያስቀመጠው፤ በሳምንት እረፍት ቀን ደግሞ ሁለት እጥፍ። ተሰሚነት የሚባል ክፍያ አዋጁ ውስጥ የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሰኔ 30 (ወልድያ)
ሰኞ ማታ

አልተከፈለኝም። እውነትህን ነው። በየዓመቱም አላደርገው።

ማስተርስ ላይ ነኝ (ደሴ)
ማክሰኞ

ጥሩ ውይይት ነው። ለመረጃ ያህል፦ ፍሬንችና ሬቨን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጣን ምንጮችን አምስት ብለው ከፍለዋቸዋል። በቦታው የሚመጣ፣ ከመሸለም አቅም የሚመጣ፣ ከመቅጣት አቅም የሚመጣ፣ ከሙያ ዕውቀት የሚመጣ፣ ሰው ስለሚወድህና ሊመስልህ ስለሚፈልግ የሚመጣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ ጋር ይቀራሉ። ሁለቱ ግን ካንቺው ጋር ይዞራሉ። እስካሁን እዚህ የተነገረው ሁሉ ስለ ሁለቱ ነው።

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)
ማክሰኞ

ወንድሜ፣ ፈተና ደርሷል መሰለኝ።

ጡረተኛ መምህር (ሐይቅ)
ማክሰኞ ማታ

ልጁን አትቀልድበት፤ ደህና ነገር ነው ያመጣው። ግን እስከ 1959 ምን አስኬደን? አበጋሮቻችንን እንይ እንጂ። በደቡብ ወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁት ማኅተም አላቸው? ደመወዝ አላቸው? የላቸውም። ፍርድ ቤት የፈረደበት ነገር ገና ቂም ሆኖ ሳለ፣ እነሱ ዱዓ አድርገው ተነሱ ሲሉ ሰው ይነሳል። ከሁለቱም ወገን ሰምተው ነው የሚናገሩት። ሲሰሙ አይቸኩሉም። ቡናው አቦል ብሎ፣ ቶና ብሎ፣ በረካ እስኪደርስ ያዳምጣሉ።

ደመወዝ ይቅደም (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ ማታ

መምህር፣ በአክብሮት ነው፤ አበጋርነት እኮ በዘር የሚወርድ ነው። እሷን ማን ይውረሳት? የአያቷ መቀስ?

ጡረተኛ መምህር (ሐይቅ)
ማክሰኞ ማታ

ይኼን ልጅ ወድጄዋለሁ፤ ሁልጊዜ አጥንቱ ላይ ነው የሚነክሰው። እሺ፣ ዘሩ በር ይከፍታል፤ ልክ ነህ። ግን ሰው ያላመነው ቤት ደጅ ይጠናል? ማዳላቱ አንዴ ከታወቀ ማን ይመጣለታል? የኔ ነጥብ መስማቱ ላይ ነበር። ቀጭን ክር እስካሁን ልጆቹን ጠይቃቸዋለች ወይ? ከምሳ በኋላ ምን እንደሚሆኑ እነሱ ራሳቸው ምን ይላሉ? ጽሑፏ ውስጥ አላየሁትም።

ቀጭን ክር (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ ማታ

አልጠየቅኳቸውም ጋሼ። አውቃለሁ ብዬ ነዋ። ትንሽ አፈርኩ። እመለሳለሁ።

ቀጭን ክር (ኮምቦልቻ)
ከአንድ ወር በኋላ፣ እሑድ

እነሆ ተመለስኩ። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ደብተር ገዛሁ። በሥራ ሰዓት ነው የሞላሁት፣ ደመወዝ ይቅደም አትቆጣ። ለእያንዳንዱ ብልሽት ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቁጥርና ምን እንደሆነ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት የሥራ ቀን።

በስድስተኛው ቀን ላይ የኔ ነገር መፍረስ ጀመረ። ድካም ቢሆን ኖሮ ብልሽቱ ላይኑ ላይ በሙሉ ይበተን ነበር አይደል? አልተበተነም። አብዛኛው ከሁለት ማሽን ነው፤ ከ7 እና ከ11። ሁለቱም ወፍራሙን መጋጠሚያ ነው የሚሰፉት፣ ጨርቁ አራት እጥፍ የሚሆንበትን።

11 ላይ የምትሠራዋን ልጅ በሻይ ሰዓት ጠየቅኳት። "ጠዋት የገባው መርፌ ከምሳ በኋላ ይደንዛል፤ እናውቃለን እኮ" አለችኝ። ታዲያ ለምን አትቀይሪም? ሳቀችብኝ። እኛ ጋ መርፌ ዝም ብሎ አይሰጥም። አሮጌውን መልሰሽ፣ አስፈርመሽ ነው። ከተሰበረ ደግሞ ስብርባሪው ተለቅሞ፣ አንዲት ጫፍ እንኳ ሳትቀር ተገጣጥሞ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ልብስ ውስጥ መርፌ ከተገኘ ባየሩ (ልብሱን የሚገዛን ደንበኛ) ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሕጉ ትክክል ነው። ግን መርፌ የሚሰጠው ልጅ ያለው በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ምሳ ወጥቶ የሚመለሰውም 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደርሳ እስክትመለስ ታርጌቷ ያልፋታል። ስለዚህ በደነዘው ትቀጥላለች።

አምስት ዓመት እነዚህን ልጆች ግዴለሽ ናቸው እያልኩ ስቲከር ስለጥፍባቸው ኖሬያለሁ። በቃ፣ ይኼን መጻፍ አፍሬ ነበር።

ቀጥሎ ወደ መካኒኩ ሄድኩ፤ ሁልጊዜ የሚሰደበው እሱ ነው። የ11ን መርፌ ፈታና ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ ጎተተው። ጥፍሩ ላይ ነጭ ጭረት ቀረ። "ደህና መርፌ እንዲህ አይጭርም" አለኝ። አዲስ አምጥቶ ጎተተ፤ ምንም የለም። ደነዝ መርፌ ወፍራም ጨርቅ ላይ ሲመላለስ ይግላል፣ የፖሊስተሩ ክር ደግሞ ሙቀት ሲነካው ይቀልጥና ይበጠሳል ብሎ አስረዳኝ። ይህንን ሁሉ ሲያውቅ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ልክ እንደኔ ማለት ነው።

ከዚያ ደብተሩን በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አደረግኩት። ለሱፐርቫይዘሩ ጠዋት ላይኑ ሳይጀምር፣ ብቻውን ሰጠሁት። "አየኸው? ላይኑ ደህና ነው፤ ሁለት ማሽን ላይ መርፌ በምሳ ሰዓት ቢቀየር የሚያልቅ ነገር ነው። ለስብሰባው ይጠቅምህ ይሆናል" አልኩት። ዝም ብሎ አነበበ። "መካኒኩም አይቶታል?" አለ። አይቶታል አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በሳምንቱ መርፌ የሚሰጠው ልጅ ምሳ ከመውጣቱ በፊት ሁለት መርፌ ይዞ ላይናችን ላይ ይመጣ ጀመር። ከሰዓት ሪወርኩ ከሠላሳ ምናምን ወደ አሥር ግድም ወረደ። ስብሰባው ላይ ሱፐርቫይዘሩ ሲያቀርበው ግን "ከኪውሲ ጋር አይተን" ነው ያለው። ስሜ የለም።

ደመወዝ ይቅደም (ኮምቦልቻ)
እሑድ

አላልኩም?

ቀጭን ክር (ኮምቦልቻ)
እሑድ

ብለሃል። ተናድጃለሁም። በዚያው ቅዳሜ እናቴን ለማየት ደሴ ስወጣ፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት መኪናው ሲያዘግም፣ ሙሉውን ዳገት በልቤ ስሰድበው ነው የወጣሁት።

ግን ሰኞ ምን ሆነ መሰለህ። ባየር ሊመጣ ነው ተባለና ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። "እስኪ ነይ፣ ካርቶን ሳይገባ አንቺ እይልኝ" አለኝ። በአምስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹም ማሽኑ ሲያስቸግራቸው አሁን መጀመሪያ እኔን ይጠሩኛል። ሌላ ላይን ያለ መካኒክ ደብተሩን ሊያይ መጥቶ ነበር።

የሌሊት ተረኛ (ደሴ)
እሑድ ማታ

ጎበዝ እህቴ! አንድ ነገር ግን ረስተሻል። ወረቀቱ ላይ ከታች "ያዘጋጀችው" ብለሽ ስምሽንና ቀኑን ጻፊ። ጠብ አይደለም፤ የሥራ ወግ ነው። እኛም ቻርት ላይ ሳንፈርም አንሄድም። በስም ያለን ወረቀት አጥፎ ኪስ መክተት ይከብዳል።

ሰኔ 30 (ወልድያ)
እሑድ ማታ

ትክክል። የመካኒኩንም ስም ጨምሪበት። እሱም ያንቺን ይጨምራል።

ደመወዝ ይቅደም (ኮምቦልቻ)
እሑድ ማታ

ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን የዚያን ሰንጠረዥ ቅጂና የፊቱንና የኋላውን ቁጥር አስቀምጪው። ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ ከማመልከቻሽ ጋር ታያይዢዋለሽ። ያኔ ደመወዝ ይጠየቅበታል።

ጡረተኛ መምህር (ሐይቅ)
ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ሐይቅ ብቅ ካልሽ ቡና ጀባ እልሻለሁ። ነካሹንም ይዘሽው ነይ።

ቀጭን ክር (ኮምቦልቻ)
ሐሙስ ማታ

እሺ ጋሼ፣ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ያ ሐሳቤን በስሙ ያስያዘው ባልደረባዬ ዛሬ አዲስ ደብተር ገዝቶ መጣ። "ሰንጠረዡን እንዴት ነው ያሰመርሽው?" አለኝ።

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)
ሐሙስ ማታ

ጢሙ በቀለ ማለት ነዋ! አሰመርሽለት?

ቀጭን ክር (ኮምቦልቻ)
ሐሙስ ማታ

አሰመርኩለት። ከታች "ሰንጠረዡን ያዘጋጀችው" ብዬ ስሜን ጽፌ።